በስምሽ የተከፈተው የከብት ክሊኒክ

ይድረስ ለልጄ ለዶክተር ኢሊሊ። ቅዱስ ሚካኤል በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ሰፈራችንን አራብሳን ፎቅ ሞላው፤ ላም ያለው ሰው ጥቂት ነው የቀረው።

ልጄ፣ አፍሬ ነው የምጽፍልሽ። ወንድምሽ ቢቂላ ክሊኒክ ከፍቶ፣ የሙያ ፈቃድሽን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከብት ያክም ነበር። አንቺ የፈቀድሽለት መስሎኝ ነበር። የጎረቤታችን የዘርፌ ላም እሱ መርፌ ከወጋት በኋላ ሞተች። ተቆጣጣሪዎች መጥተው፣ "ሐኪሟ የት ናት?" ሲሉኝ ቢቂላ እንድዋሽለት በዓይኑ ለመነኝ።

"ልጄ ውጭ አገር ናት" አልኳቸው። የክሊኒኩን በር አሸጉት።

ዘርፌ፣ "እናንተን አምኜ እኮ ነው" ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቀና ብዬ አላየኋትም።

ቢቂላ ደውሎ፣ "ለተቆጣጣሪዎቹ ፈቅጄለት ነው በዪልኝ" ይልሻል። እሱም ልጄ ነው፤ ግን እባክሽ፣ እሺ እንዳትዪው። እግዚአብሔር ስምሽን ይጠብቅልሽ።

እናትሽ ሎሚ