ጨው ለከለከሉን ለእድራችን ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ አየነው
በጆሃንስበርግ የሮዘተንቪልና አካባቢው መረዳጃ እድር ሊቀመንበር፣ ከመጋቢት ወዲህም በራስዎ መልካም ፈቃድ የጤና ጉዳይ ኃላፊያችን

ባሉበት

ጉዳዩ፦ ልጄ ጨው እንድትበላ እንዲፈቀድላት ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ድምፅዎ እንዴት ነው? ድምፅዎን ለይቼ የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እድራችን በአካል መሰብሰብ ከተከለከለ ጊዜ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በዋትስአፕ ግሩፓችን የሚለቁልን የጤና ትምህርት ርዝመቱን ሳስብ ጉሮሮዎ ያሳስበኛል። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ከኮሮናው ድኛለሁ፤ የአራት ዓመት ልጄ ፀገነትም ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ገብታለች። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ የጻፍኩት እርስዎን ለማሳጣት እንዳልሆነ ይረዱልኝ፤ ምክርዎን የሰጡን በሰው ሁሉ ፊት ስለሆነ ምስጋናውም በዚያው ቢደርስዎ ይገባል ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ፀገነት ከእኔና ከአባቷ በዘር የወረሰችው፣ ከተወለደች ጀምሮ አብሯት ያለ ሕመም አለባት። ከኩላሊት አናት ላይ አድሬናል የምትባል ትንሽ እጢ አለች፤ ሰውነታችን ጨውን ይዞ እንዲያቆይ የምታደርገው እሷ ናት። የልጄ እጢ ይህን ስለማትችል ጨው ከነውሃው በሽንቷ ይወጣል። ስለዚህ በየቀኑ ክኒን ትውጣለች፣ ሐኪሞቿ ለክተው ያዘዙላትን ጨውም ትወስዳለች። ጨው ሲጎድልባት ሰውነቷ ደርቆ ኩላሊቷ ይጎዳል፤ ክኒኑ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ የደም ግፊቷ ወጥቶ አሁንም ኩላሊቷ ይጎዳል። ሐኪሞቹ ኩላሊቷን በየጊዜው የሚያዩት ለዚህ ነው። በሰኔ ወር ከግሩፑ ጠፋሽ ተብዬ ብጠየቅ፣ የልጄን ኩላሊት ላስመረምር ሄጄ ነው ብዬ መለስኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንደሚከተለው በአክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ኩላሊት የሚለውን ቃል በሰሙ በማግስቱ ጨው የኩላሊት ጠላት ነው፣ ለዚያች ልጅ ቅንጣት ጨው እንዳይሰጣት ሲሉ ያወጁትን አዋጅ ይመለከታል። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በዚህ በኮሮናው ሰሞን ሲጋራና መጠጥ ለመከልከል ስንት ሚኒስትር ሰብስቦ፣ ስንት መግለጫ ሰጥቶ፣ ፖሊስና ወታደር አሰማርቶ ነው። እርስዎ ግን ጂፒ ገበያ ባለው መጋረጃ ሱቅዎ ውስጥ ቁጭ ብለው፣ ማንንም ሳያስቸግሩ፣ በአንድ ስልክ ብቻ ጨው ከለከሉ። መንግሥት የከለከለው ሲጋራ በየጓሮው እንደ ልብ ይሸጣል፤ የእርስዎን አዋጅ ግን ከሮዘተንቪል እስከ ካትሌሆንግ የጣሰ አንድ አባል አልተገኘም። እንዲህ ያለ ተሰሚነት ለአንድ መጋረጃ ነጋዴ ሲሰጥ ማየት ያኮራል።

ሁለተኛ፣ በሐምሌ እኔ ኮሮና ይዞኝ ሆስፒታል ኦክስጅን ላይ ስሆን፣ አባቷ ደግሞ አገር ቤት እንደሄደ በረራ ተዘግቶበት ስለነበር፣ ልጄን ጎረቤቴ ወይዘሮ የአለምወርቅ እቤታቸው ወሰዱልኝ። እድራችንም ገብቶ መጠየቅ ቢከለከል ወጉን አላስቀረም፤ አባላቱ በየተራ እያበሰሉ ምግቡን በር ላይ አስቀምጠው ይሄዱ ነበር። ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ፣ ይህችኛው ምስጋና ምንም የተደበቀባት ነገር የለም። ችግሩ ሐኪም ያዘዘላት ጨው ቀርቶ፣ ሽሮው ጨው የለው፣ ምስሩ ጨው የለው፣ ፓስታው ጨው የለው መሆኑ ነበር። የወይዘሮ የአለምወርቅ ባለቤት ጤነኛ ኩላሊታቸውን ይዘው አብረው አልጫ በልተው ከረሙ። ለልጅ ይሁን ተብሎ የተገዛላት ቺፕስ እንኳ በውሃ ታጥቦና በፎጣ ደርቆ ይሰጣት እንደነበር ሰምቻለሁ። ብዙ አገር አላየሁም፣ ነገር ግን ቺፕስ የሚያጥብ እድር ያለን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ሦስተኛ፣ ኮሮናንም ኩላሊትንም በአንድ ብርጭቆ ለመጨረስ ያዘዙት ፌጦ በሎሚ ነው፣ ያውም በባዶ ሆድ። ልጄ ጠጣችው፣ አስመለሰችው፣ የዋጠችው ክኒንም አብሮ ወጣ። ወይዘሮ የአለምወርቅ ደንግጠው በግሩፑ ሲጠይቁዎት ኩላሊቷ እየታጠበ ስለሆነ ይውጣላት ብለው አረጋጓቸው። ይህች ልጅ ካስመለሰች ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ተወስዳ መርፌ መወጋት እንዳለባት አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር። ግን እኔ ምንድን ነኝ? እናቷ ብቻ ነኝ፤ እርስዎ ሊቀመንበር ነዎት። በወይዘሮዋ አልፈርድም፤ የታመኑ ጎረቤት ናቸው፣ ታላቅ ሰው የተናገረውን ያከብራሉ።

አራተኛውን ስጽፍ ጨዋታዬ ይጠፋብኛልና ይቅርታዎን እለምናለሁ። የፀገነት ሰውነት ምን እንደጎደለው ያውቅ ነበር። ወጥ ቤት ገብታ የጨው ዕቃውን ከፍታ ከመዳፏ ላይ ስትልስ ተገኘች፤ ተቆጧት። ደግማ ተገኘች፤ እጇን መቷት፣ ዕቃውንም ቁም ሳጥን ላይ ሰቀሉት። እርስዎም ይህን ሲሰሙ ጊዜዎን ሠውተው ለእሷ ብቻ የሚሆን የድምፅ መልእክት ላኩላት። ጨው የሰረቀች ልጅ ኩላሊቷ ድንጋይ ይሆናል፣ እናቷም ከሆስፒታል አትመለስም አሏት። ልጄ ሌባ አልነበረችም፤ መኖር ፈልጋ ነው። ተናድጃለሁ ክቡር ሆይ፣ እጅግ በጣም ተናድጃለሁ።

ያዳናት ከፎርድስበርግ ለየሱቁ ዕቃ የሚያደርሰው አብዱልወሀብ ነው። እሱ የእድራችን አባል ስላልሆነ ትምህርትዎን አልተከታተለም፤ በዚህ አለማወቁ የተነሳ፣ ወይዘሮ የአለምወርቅ ቤት ዕቃ ሊያደርስ ገብቶ ሶፋ ላይ ዝላ የተኛችውን ልጅ ሲያይ አንስቶ ዕቃ በሚጭንበት ባኪ መኪናው ሆስፒታል አደረሳት። እዚያም ሐኪሞቹ በደም ሥሯ ቶሎ ብለው ያስገቡላት ምን እንደሆነ ቢሰሙ ያዝናሉ፦ ጨው ያለበት ውሃ ነው። ኩላሊቷ በድርቀቱ ተጎድቶ ነበር። እያገገመ ነው ብለውኛል፤ እንደ ቀድሞው መሆን አለመሆኑ ግን በሚቀጥለው ምርመራ ነው የሚታወቀው።

እንግዲህ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ፣ ልጄም የምትውለው እዚሁ የእድራችን ሰዎች ቤት ነው። እኔ ብነግራቸው እሺ ይሉኝና ዞር ስል ቺፕሱን ያጥባሉ። ስለዚህ ጨው ሲከለክሉ በነበረው ርዝመትና በነበረው ግርማ፣ ፀገነት ሐኪም ያዘዘላትን ጨውና ክኒን ሳይጎድል እንድትወስድ፣ ካስመለሰችም ፌጦ ሳይሆን ሆስፒታል እንድትወሰድ የሚል የድምፅ መልእክት በግሩፑ ይልቀቁልን። ተሳስቻለሁ የሚለው ቃል ጉሮሮዎን የሚይዘው ከሆነ አላስጨንቅዎትም፤ አዲስ ጥናት ወጥቷል ቢሉም እቀበላለሁ። ጥናቱን እርስዎ ነዎት ያወጡት ቢባልም አልከራከርም።

በቀረው፣ መጋረጃዎ ተሸጦ የማያልቅ፣ ስልክዎ ግን ቻርጅ ቶሎ የሚጨርስ እንዲሆንልዎ በጸሎቴ እያሰብኩ፣ ለድካምዎ ሁሉ የሚገባዎትን እንዲያገኙ ከልብ እመኛለሁ።

መዋጮዋን ከፍላ ያልጠየቀችውን ሕክምና ያገኘችው የእድርዎ አባል፣
ኤርጎጌ፣ የፀገነት እናት
ሮዘተንቪል፣ ጆሃንስበርግ፣ ነሐሴ 2012 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ በመላው ጆሃንስበርግ ምክርዎን አንዲት ሳያጎድል የሚፈጽም ሰው ከፈለጉ አግኝቼልዎታለሁ። ዛሬ ጠዋት በውሃ በጥብጬ የሰጠኋትን ጨው ፀገነት አፏን ገጥማ እምቢ አለች። አባበልኳት፣ ለመንኳት፣ እኔ ራሴ ቀምሼ አሳየኋት። እኔ ከበላሁ አንቺ ተመልሰሽ ሆስፒታል ትሄጃለሽ፣ ጋሼ አየነው ነግረውኛል አለችኝና አለቀሰች። የወለድኳት እኔ ነኝ፣ ያዳኗትም ሐኪሞቿ ናቸው፣ የምታምነው ግን እርስዎን ነው። ስለዚህ የግሩፑ መልእክት ነገም ይደርሳል፤ ለእሷ ግን አሁን ይላኩላት።