በሰናይት ተራ

ሰኞ

እትዬ አለምነሽ በር ላይ ቆመው «ሰናይት!» ብለው ተጣሩ። ሚስቴ አጋሮ እንዳለች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሳቸውም ያውቃሉ። የሴቶች እድር ሊቀመንበር ናቸው፣ የማያውቁት የለም።

እኔ ወጣሁ። የልጄን የማክዳን ማበጠሪያ ይዤ ነበር። ልደብቀው አልኩና ተውኩት።

«ሁለት ለቅሶ ቀርታለች» አሉኝ። «በሦስተኛው ስሟ ይሰረዛል። ደንብ ነው።»

«ቅጣቱን እከፍላለሁ እትዬ።»

«ብር ሽንኩርት አይልጥም፣ ጌታቸው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለቅሶ ሲሆን ወንዱ ድንኳን ይተክላል፣ ተረኛዋ ሴት ለለቀስተኛው ወጥ ትሰራለች። ሰናይት አዋላጅ ነርስ ናት። ከመስከረም ወዲህ አጋሮ የማዋለጃ ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ አድርገዋታል፣ በየሳምንቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው ታድራለች። ስንት ዓመት የጠበቀችው ቦታ ነው። ቋሚ ሆነሽ ትቀጥያለሽ ወይ፣ በዚህ ዓርብ መልስ ስጪን ብለዋታል።

የሚያስጨንቁኝ፦
የማክዳ ፀጉር። ዛሬም ተንሻፏል።
የማክዳ ሳል።
መጋዘኑ። የቡና ወቅት ነው፣ አሰሪዬ ሀጂ የሚቀር ሰው አይወዱም።
ሰናይት ይሄን ስትሰማ የምትለው።

ማክሰኞ

ሰናይት በስልክ የፈራሁትን አለች። «ጌቾ፣ ልተወው መሰለኝ። ጅማ ልመለስ፣ ተራ አዋላጅ ብሆን ምን እሆናለሁ?»

«አይሆንም» አልኩ።

«እድሩ ከሰረዘን ነገ እናቴ ብትሞት ማን ይቆምልናል?»

እውነቷን ነው። ግን አይሆንም።

ማክዳን ትምህርት ቤት አድርሼ መጋዘን ስገባ ዘገየሁ። የስራ ባልደረባዬ ጀማል ከሚዛኑ አጠገብ ሆኖ «እመጫቷ መጣች!» ብሎ ጮኸ። ጫኞቹ ሳቁ።

«ያንተ ልጅ ሹሩባ ስትፈልግ ማንን ትጠራለች?» አልኩት።

«እናቷን ነዋ!»

«ታዲያ አንተ ለምን ትጠቅማለህ?»

ጫኞቹ አሁንም ሳቁ፣ በሱ።

ድል፦ የማክዳ ጉንጉን እስከ ምሳ ሳይፈታ ዋለ።

ረቡዕ

ገና ሳይነጋ ጥሩምባ ተነፋ። የኛው ሰፈር አባባ ሽፈራው አረፉ። ነፍስ ይማር፣ ደግ ሰው ነበሩ። ግን እውነቱን ልጻፍ፣ ከአፌ የወጣው «ምነው ዛሬ?» ነው። ተረኛዋ ሰናይት ናት።

ደወልኩላት። «ምጥ ላይ ያለች አለች፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው» አለች። «ለሰው አስረክቤ ሚኒባስ ልያዝ።»

«አትምጪ።»

«ማን ሊሄድ ነው ታዲያ?»

«እኔ።»

«ጌቾ፣ አብደሃል?»

«ሴትየዋ ጋ ተመለሺ» አልኩና ዘጋሁት።

ማክዳን አድርሼ መጋዘኑ ወዳለበት ወደ ጅማ መርካቶ ሄድኩ፣ ሀጂን ፈቃድ ልጠይቅ።

«ለቀብር ነው?»

«ለሽንኩርት ነው ሀጂ።» አስረዳኋቸው።

«አጃኢብ!» አሉ። «ሂድ። ከሰዓት ግን መኪና ይጫናል። ካልደረስክ ሌላ ሰው አላጣም።»

ከድንኳኑ ኋላ ስገባ ሴቶቹ ወሬ አቆሙ።

«ወንዶቹ በዚያ ናቸው» አሉ እትዬ አለምነሽ።

«በሰናይት ተራ ነው የመጣሁት።»

አንዷ «ሽርጥ እንስጠው?» ብላ ተንከተከተች። «ስጡኝ» አልኩና ታጠቅኩት። አበባ አበባ ያለበት ነው።

ቀኑ ጾም ስለሆነ ምስር ነው የሚሰራው። ልቀም ብለው በሰፌድ ሰጡኝ። መልቀም እኮ የኔ ስራ ነው፣ መጋዘን ቡና ስለቅም ነው የምውለው! የተሰበረውን ወደዚያ፣ የጠቆረውን ወደዚያ፣ የቀጨጨውን ወደዚያ። ቀና ስል እትዬ አለምነሽ አጠገቤ ቆመዋል። ግማሹን ምስር ጥዬዋለሁ።

«አንተ! ይሄ ወደ ውጭ ሊላክ ነው እንዴ? ጠጠሩን ብቻ አውጣ!»

ሴቶቹ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ሳቁ። ኋላ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። እኔን ወደ ሽንኩርት አዛወሩኝ።

የወንዶቹ እድር ዳኛ ጋሽ ተሰማ ውሃ ሊጠይቁ መጥተው አዩኝ። «አንተ ወንድ አይደለህም? ልታሰድበን ነው? ተነስ!»

ቢላዋውን አላስቀመጥኩም። «ጋሽ ተሰማ፣ ልጅዎ ስትወልድ ማን ነበር ያዋለዳት?»

«እሱ ሌላ ነገር ነው።»

«ሰናይት ናት። አሁንም አጋሮ የሰው ልጅ እያዋለደች ነው። አልነሳም።»

ሄዱ። ዓይኔ ያነባ ነበር፣ ከሽንኩርቱ ይሁን ከንዴቱ እንጃ።

በባጃጅ መጋዘን ስደርስ መኪናው ግማሹ ተጭኗል። ሀጂ ሰዓታቸውን አዩ። «ሽንኩርት ሸተትክ» አሉና ፊታቸውን ወደ መኪናው መለሱ። ይሄ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

ሐሙስ

ወሬው ከኔ ቀድሞ መርካቶ ገብቷል። «እትዬ ጌታቸው፣ አካም ጅርቱ?» አለኝ ጀማል። «ደህና ነኝ፣ ምስር ላስለቅምህ?» ብዬው አለፍኩ።

ኋላ ብቻዬን ሲያገኘኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሹሩባው ግን እንዴት ነው የሚያዘው?» ሚስቱ ልትወልድ ደርሳለች፣ የሴት ልጁን ፀጉር የሚሰራ የለም። የጆንያ ሲባጎ ሦስት አድርጌ እየጎነጎንኩ አሳየሁት።

ማታ እትዬ አለምነሽ ሰው ላኩብኝ። ወንድ በሴት ተራ ይቆጠር እንደሆነ ነገ ከሰልስቱ በኋላ ይመከርበታል። እስከዚያ ሰናይት እንደቀረች ትቆጠራለች።

እንደቀረች! የሽንኩርቱ ሽታ ገና ከጣቴ አልለቀቀም!

ለሰናይት ልንገራት?
ከነገርኳት ስራውን ትተዋለች።
ካልነገርኳት ነገ ሳታውቅ መልስ ትሰጣለች።

ነገርኳት። «የትናንቷ ወንድ ወለደች» አለች። «ደም በዝቶባት ነበር። ትቻት ብመጣ ኖሮ እንጃ።»

ዓርብ

ወደ ስራ ልወጣ ስል በር ላይ «ጌታቸው!» ተባለ። እትዬ አለምነሽ ናቸው። የኔን ስም ነው የጠሩት።

«ለሰልስቱ ሰው አንሶኛል። ና ትንሽ አግዘን። ምስር እንዳትነካ።»

«ስብሰባውስ እትዬ?»

«ስብሰባው ስብሰባ ነው። አይቆጠርም የሚሉ አሉ፣ ተሰማም እየዞረ ያስወራል።»

«እርስዎስ?»

«እኔ የምፈልገው ሽንኩርት የሚልጥልኝ ነው።»

ልጬ ሄድኩ። ሀጂ ሳይመጡ ደረስኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሰናይት ደወለች። «እቀጥላለሁ አልኳቸው» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። «ቢሰርዙንስ ጌቾ?»

«መጀመሪያ እኔን ከወጥ ቤቱ ያውጡኛ!»

ሳቀች። ሰንብታለች ከሳቀች።

አሁን ሊመሽ ነው። ስብሰባው እትዬ አለምነሽ ግቢ ነው፣ ድምፃቸው እዚህ ይሰማል። አንዴ ይጮሃሉ፣ አንዴ ይስቃሉ። የማን ሐሳብ እንዳየለ አይለይም። ሰናይት ሚኒባስ ላይ ናት።

የነገ ስራ፦
የማክዳ ፀጉር። ሰናይት ትሰራው ይሆን? አይ፣ ትረፍበት፣ እኔው እሰራዋለሁ።
የሳል መድኃኒት።
ቢላዋ መሳል። ደንዟል። ቢቆጥሩኝም ባይቆጥሩኝም።