በግ ያልኩት አሳማ

ጥቅምት 4 ቀን 2007

ትምህርት ቤት ሳስተምር ዋልኩ። እዚህ ቆሰበር ዝናቡ አላባራ ብሏል። ማታ ኔትወርክ ሲመጣ ቻይና ካስተማረኝ መምህር ደብዳቤ ገባ። ጥናታችን ሊታተም ነው! አሳማን የሚያሳድገውን ዘረ መል (ጅን) ባክቴሪያ ውስጥ አባዝተን፣ ሰባተኛው ክሮሞዞም ላይ መቀመጡን ያገኘንበት። ስሜ መጀመሪያ ላይ ነው። ከወጣ ለዶክትሬት ይወስዱኛል።

እማዬ "በጉ ተሳካ?" አለችኝ። ተሳካ አልኳት። ሁለት ዓመት ሙሉ የማጠናው በግ ነው ያልኳት... ምን ልበላት ታዲያ?

ጥቅምት 12

የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት ነበር። እማዬ ልትኮራብኝ ብላ ወንድሜን ይኸነውን "የእህትህን የጥናት ወረቀት አንብብላቸው እስቲ" አለችው። የእንግሊዝኛ መምህር አይደል፣ ቀልጠፍ ብሎ ተረጎመው። "የአሳማ..." ሲል ደነገጠ። ግን አንዴ ወጥቷል።

ዳቦውን ማን ጋገረው አሉ። እኔ። ወይዘሮ በቀለች የጎረሰችውን ወደ እጇ መለሰችው። ጠላው እንደተቀዳ ቀረ።

ጥቅምት 13

የንስሐ አባታችን አባ በዛብህ መጡ።

"አባ፣ አሳማ በእጄ ነክቼ አላውቅም። በብልቃጥ የመጣልኝ ጠብታ ደም ነው።"

"ደሙን?!"

እማዬ ደረቷን መታች። አይ የኔ ነገር! በገዛ አፌ አባስኩት።

"ስምሽን ከዚያ ነገር አስፍቂ ልጄ። ቀኖናውን ከዚያ በኋላ እሰጥሻለሁ" አሉኝ።

ለአባ ቀላል ነው።

ጥቅምት 21

እማዬ የነካሁትን አትበላም። ድስቴን በአመድ ፈተገችው። እሷ ቆሎ ቆርጥማ ታድራለች። ክስት ብላለች።

"ስሞት ማኅበሩ ባይቀብረኝስ?"

ትቀልዳለች ብዬ ሳቅሁ። አልቀለደችም።

ጥቅምት 24

ስሜን ከጥናቱ ሰርዙልኝ ብዬ ቻይና ጻፍኩ። "ሥራው እኮ ያንቺ ነው፣ እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ መምህሩ። ነኝ አልኩት። ውሸታም!

ኅዳር 12

ማኅበሩ ወይዘሮ በቀለች ቤት ነበር። ጥናቱ ወጥቷል። ይኸነው በስልኩ ከፍቶ አባ በዛብህ ፊት ስሞቹን አንድ በአንድ ጠራ። አራት ናቸው። መጀመሪያ ላይ ያለው፣ እኔ ጅኑን ስፈልግ ከጎኔ ሲያንቀላፋ የነበረው ሰውዬ ነው።

"የሷ የለበትም?" አለች እማዬ።

"የለበትም።"

እልል አለች። ዲግሪ ስይዝ እንኳ እንዲህ አላለችም። ሴቶቹ ተቀበሏት።

"አንቺም እልል በይ እንጂ!" አሉኝ።

አልኩ።