የሐኪሙ ስፌት

ይድረስ ለልጄ፤ ሰላምታዬ ካለህበት የሥራ ቦታ ድረስ ይግባልኝ።

ልጅህ የካንሰሩ ዕጢ ከወጣላት ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። የጉሉኮሱን ማንጠልጠያ ይዛ እስከ መስኮቱ በእግሯ ስትሄድ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። ፋሻው ሲቀየር ስፌቱን መረመርኩት። አርባ ዓመት ልብስ ስሰፋ በሰው ስፌት እንከን አላጣሁም፤ በዚህኛው አጣሁ።

«አያቴ፣ ሐኪሙ በለጠሽ!» አለችኝ።

«በለጠኝ፤ አንቺ ግን አትሳቂ፣ ክሩ ይላላል።»

ዕጢው ሙሉ በሙሉ መውጣቱን የሚነግረን የላቦራቶሪ ውጤት ሐሙስ ይደርሳል። ከቻልክ ረቡዕ ግባ፤ ሸሚዝህን ተኩሰህ ልበስ።

የትምህርት ቤት ቀሚሷን ጀምሬያለሁ። እያደገች ስትሄድ እንዲለቀቅ ብዬ ጠርዙን አራት ጣት አጠፍኩት። ለሌላ ልጅ ከሁለት ጣት አልፌ አላውቅም።

በደህና ያገናኘን፤

እናትህ