የሞጣውን አውቶቡስ ያስቆመው ሦስተኛው አያያዝ

ለምሳሳልሽ ልጄ ሉሊት፣

እንዴት ነሽ? እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ባለፈው ያበጠው የእግርሽ አውራ ጣት ዳነ ወይ? ምሳሽንስ በሰዓቱ ትበያለሽ? አክስትሽ ካሰች፣ ባሏ ጋሽ ሰማው፣ ሕፃኗ ወይንእሸት ሁሉም ደህና ናቸው? እኔና እናትሽ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነን፤ ናፍቆትሽ ግን ሳይጠሩት ከማዕድ ይቀመጣል።

ደብዳቤሽና የፈቃድ ወረቀቱ ደርሶኛል። የባሌት ዳንስ አስተማሪሽ ከፋሲካ በኋላ መድረክ ላይ እንድትወጪ አባት ይፈርም ብላለች፤ እስከ መጋቢት ሠላሳ ካልደረሰ ቦታሽ ለሌላ ልጅ ይሰጣል አልሽኝ። እኔ ደግሞ ሳላውቅ የምፈርም ሰው አይደለሁም። ሦስት ነገር ፈራሁ። አንደኛ፣ ወድቀሽ እንዳትሰበሪ። ሁለተኛ፣ ትምህርትሽን እንዳትተዪ። ሦስተኛ፣ አያትሽ እማሆይ ወለተ ሐና ሞጣ ሆነው ሲሰሙ ምን ይሉኛል ብዬ። የባሰብኝ ሦስተኛው ነው።

ስለዚህ የሣልሽልኝን የእጅ አያያዝ ራሴ ልሞክረው አልኩ። መነሻው ሁለቱን እጅ ወደ ታች ክብ ማድረግ ነው። አንደኛው ትልቅ እንቅብ ሆድ ላይ እንደማቀፍ። ሁለተኛው ወደ ጎን መክፈት፣ ሦስተኛው ከራስ በላይ ክብ ማድረግ። ቁጥሩን አልሳትኩም፤ ያስቸገረኝ ትከሻ ነው። «ትከሻ አይንቀሳቀስ» ብለሽ ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል። የጎጃም ትከሻ መቼ ዝም ይላል ልጄ? እጄን ከፍ ሳደርግ እሱ እስክስታውን ይጀምራል። እናትሽ «ኧረ ሰውዬው፣ ሠርግ ተጠርተሃል እንዴ?» እያለች ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ጣጣው መናኸሪያ መጣ። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ በእጄ እያሳየሁ አውቶቡሶቹን ወደ ኋላ አስገባለሁ። ማክሰኞ ሾፌሩ ሽታሁን የሞጣውን አውቶቡስ ወደ ኋላ ሲያመጣ፣ እኔ በልቤ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ እያልኩ ነበርና ሳላስበው ሦስተኛው ላይ ወጣሁ። እኛ ዘንድ ሁለት እጅ ከራስ በላይ ማለት «ቁም!» ነው። ፍሬኑን ረገጠው። የጌሾ ጆንያ ተንከባለለ፣ የአንዲት እናት ዶሮም አመለጠች። ሽታሁን ወርዶ ከኋላ ቢያይ ባዶ ነው። «ጋሽ ያለው፣ ማንን ልገጭ ነበር?» አለኝ። ማንንም፣ ባሌት እየተማርኩ ነው አልኩት። መናኸሪያው በሙሉ ሳቀብኝ፤ ዶሮዋንም ተጋግዘን ያዝናት።

ወሬው በዚያው አውቶቡስ ሞጣ እንደሚገባ ሲገባኝ፣ ሰው ተክቼ አብሬው ተሳፈርኩ።

እማሆይን በራፋቸው ላይ ጥጥ ሲፈትሉ አገኘኋቸው። የመድረኩን ነገር ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «በጾም ነው ወይ?» ብለው ነው። ከፋሲካ በኋላ ነው አልኳቸው። «እስቲ አሳየኝ» አሉ። በዚህ ዕድሜዬ እናቴ ፊት ቆሜ ሁሉንም አሳየኋቸው። እስከ መጨረሻው አዩኝና «ክርንህ ወደቀ፤ ትከሻህም ይዘላል» አሉኝ። ከዚያ እንዝርቱን አሹረው ባዘቶ የያዘ እጃቸውን በቀስታ ወደ ላይ ሳቡት። ክርናቸው ክብ፣ ጣታቸው ልስልስ፣ ትከሻቸው ጸጥ። ቁርጥ አንቺ የሣልሽው! «ትከሻ ከተነቀነቀ ክር ይበጠሳል። ልጅቱ ከእኔ ወስዳው ነው፤ ፈርምላት» አሉኝ።

እዚያው ፈረምኩ። ወረቀቱ ላይ ጥጥ ብታዪ አትገረሚ፣ የእሳቸው ነው። አንቺም ሳትበዪ መድረክ እንዳትወጪ፤ ከወረድሽም በኋላ ላብሽ ሳይደርቅ ንፋስ እንዳይመታሽ። እኛም እንመጣለን፤ እማሆይ ከፊት ነው የምቀመጠው ብለዋል።

ካሰችን፣ ጋሽ ሰማውን፣ ወይንእሸትን ሳሚልኝ። እናትሽ አሰጋሽ ዓይንሽን ትስማለች። እማሆይም «ክርኗን ታንሳ» ብለው መርቀውሻል። ደብዳቤውን ለአዲስ አበባው ሾፌር የሚያስረክብልሽ ሽታሁን ነው፤ እሱም ሰላም ይልሻል። ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ ከመናኸሪያ በወጣ ቁጥር ሁለት እጁን ከራሱ በላይ ክብ አድርጎ ይሰናበተኛል። እኔም ከኋላው እየሮጥኩ «መሪውን ያዝ!» እላለሁ።

አባትሽ ያለው
ቢቸና፣ መጋቢት 18 ቀን 1996 ዓ.ም.