እማዬን ያስገደፍኳት ጾም

የካቲት 20
መገናኛ የታክሲ ሰልፉ ረጅም ነበር። አያት ስደርስ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። እማዬ ሶፋው ላይ ዳዊቷን ትደግማለች። ከሆስፒታል ከወጣች ሰባተኛ ቀኗ። ሆዷን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት፣ የወንድሜ የታዴዎስ ቤት ላምበረት አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ደረጃው ከበዳትና እኛ ጋ መጣች። "ለጥቂት ቀን" ብላ።

ከስምንት ዓመት በፊት ጴንጤ ሆኜ ላጲሶን ሳገባ ሠርጌ ላይ አልመጣችም። ቤቴን ስትረግጥ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። የራሷን ድስትና ማንኪያ ይዛ ነው የመጣችው። ሁዳዴ ነዋ! "አይክፋሽ አብነት፣ የእናንተ ዕቃ ቅቤ ነክቶታል" አለችኝ። አልከፋኝም አልኳት። ከፍቶኛል።

የካቲት 27
ቁስሉ አልደርቅ አለ። ሐኪሙ፣ "ደምዎ ወርዷል እናቴ። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ያስፈልግዎታል" አላት።
"ከፋሲካ በኋላ።"
"እስከዚያ እኮ ወር ከግማሽ ነው!"
"እግዚአብሔር ያውቃል።"

ስንመለስ "ለታመመ ሰው ይፈቀዳል፣ የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው" አልኳት። "አልጠይቅም። ይሄን ጾም የያዝኩበት ጉዳይ አለኝ።" ምን ጉዳይ? አልነገረችኝም።

እኔ ሄጄ ላናግራቸው? የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ከረገጥኩ ስምንት ዓመቴ። ምን ብዬ... ይቅር።

መጋቢት 2
አደረግኩት።

ፈቃድ ወስጄ ቤት ነበርኩ። የዱቄት ወተት፣ ሦስት ማንኪያ፣ የአጃ ሾርባዋ ውስጥ። በራሷ ድስት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጸሎቷን አድርሳ ጠጣችው። "ዛሬስ እጅሽ ጣፈጠ" አለች።

ስጨምረው የተሰማኝን እዚህ ካልጻፍኩ የት ልጽፈው ነው? ሞቷን ፈርቼ ነው፣ እውነት ነው። ግን ደግሞ... ደስ አለኝ። "ይኸው ጠጣሽ፣ ሰማይ ተደፋ?" የሚል ነገር ውስጤ ነበር። ያሸነፍኩ ዓይነት።

መጋቢት 9
ዛሬም። ጠዋት ሠርቼ በፔርሙዝ አስቀምጥላታለሁ። በየቀኑ።

መጋቢት 22
ቁስሉ ደርቋል ማለት ይቻላል። እማዬ ለታዴዎስ ደውላ "ጾሙ ነው ያዳነኝ" ስትለው ሰማኋት። "አብነት ደግሞ እንዴት አድርጋ እንደያዘችልኝ! በድለናታል፣ ልጄ። ሃይማኖቷ ቢለይም ልቧ አልተለየም።"

ሽንኩርት መክተፌን ቀጠልኩ።

መጋቢት 24
ላጲሶ ቁም ሳጥን ውስጥ የወተቱን ጣሳ አገኘው። "ለማን ነው?" ነገርኩት። ጣሳውን ወደ ቦታው መለሰና፣ "እሷ ጠበል ደብቃ ሻይሽ ውስጥ ብትጨምርብሽስ?" አለኝ።
"እሱ ሌላ ነው።"
"በምን?"

ንገሪያት አለኝ። አልነገርኳትም። ማቆምም ፈራሁ... ቁስሉ መልሶ ቢከፈትስ?

ሚያዝያ 8
እማዬ ነገ ጸሎተ ሐሙስ ልትቆርብ ነበር። ነጠላዋን እየተኮስኩላት አጠገቤ መጥታ ቆመች። "ጉዳይ አለኝ ያልኩሽ... ሠርግሽ ነው" አለች። "እናት እያለሽ እንደ ሙት ልጅ ተዳርሽ። ይሄን ጾም ስለሱ ነው የያዝኩት። ሳልገድፍ ልጨርሰው ብዬ።"

"እማዬ፣ አትቁረቢ" አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። "ከመቼ ጀምሮ?" ብቻ አለች።
"ከመጋቢት ሁለት።"
"በየቀኑ?"
"በየቀኑ።"
ተቀመጠች። "እኔ እኮ ድስቴን ነው የጠበቅኩት። ካንቺ መጠበቅ አለብኝ ብዬ አላሰብኩም።"

ራሷ ናት ለታዴዎስ የደወለችው። መጥቶ ሻንጣዋን አነሳ። በር ላይ "ብትሞት ይሻል ነበር?" አልኩት። "እሷን ትጠይቂያት ነበራ" አለኝ።

ሚያዝያ 12
ፋሲካ። አምስት ጊዜ ደወልኩ። አላነሱም።

ሚያዝያ 17
ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ብዙ ቆሜ ገባሁ። የንስሐ አባቷ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።
"ልጄ፣ መጥተሽ ብትነግሪኝ እኮ እኔው ራሴ አዝዤ ጾሙን አስፈታት ነበር።"

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከቤቴ እዚያ አንድ ታክሲ ነው፣ ሃያ ደቂቃ። ለሕይወቷ ብዬ ሠላሳ ምናምን ቀን ዋሸሁ። ለሕይወቷ ብዬ በዚያ በር መግባት ግን አልቻልኩም።

"እሷስ ምን ይሆን የምታስበው?" አልኳቸው።
"ኃጢአት የለብሽም ብያታለሁ። እሷ ያዘነችው ለጾሙ አይደለም።"

ግንቦት 2
ቅዳሜ። ላምበረት። ታዴዎስ በሩን ከፈተልኝ፣ ሰላም ግን አላለኝም። እማዬ ወፍራለች፣ ፊቷ ወዝ አለው። ስለ ላጲሶ ጤና ጠየቀችኝ። የወሰድኩትን ብርቱካን ታዴዎስ ተቀብሎ ኮሪደር ላይ አስቀመጠው። ምሳ ሲቀርብ ላቀርብላት እጄን ስዘረጋ "ተይው፣ እሱ ይስጠኝ" አለች። በቀስታ ነው ያለችው። ቁጣ የለበትም። ስመለስ ታክሲ ውስጥ መውረጃዬ አለፈኝ።

ግንቦት 9
ዛሬም ሄድኩ። ይቅርታ አልኳት፣ እግሯ ላይ ወድቄ። አነሳችኝ። "ይቅር ብዬሻለሁ" አለች። አሁንም ግን ከእጄ ምንም አትቀበልም። ይቅርታና እምነት ለካ አንድ አይደሉም...

ግንቦት 16
ታዴዎስ ሱቅ ነበር፤ ብቻችንን ነበርን። ስለ ሰፈር ሰው፣ ስለ ዝናቡ አወራን። መሃል ላይ ጉሮሮዋ ደረቀ። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ አለ። ልነሳ ብዬ ተውኩት። ራሷ አነሳችውና ክዳኑን ታገለችው። ጣቶቿ አቅም አጡ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

"ክፈቺልኝ" አለች።

ከፍቼ ሰጠኋት። ጠጣች። ክዳኑን ከእጄ ተቀበለችና ራሷ ዘጋችው።