ሦስት ጊዜ የሳትኳት ኳስ

ጓዴ፣ እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ፤ የተጎዳው ክብሬ ብቻ ነው።

ለሥልጠና የመጣነውን የቤተ ሙከራ ሠራተኞች ዛሬ ጠዋት ጎልፍ ሞክሩ ብለው ሜዳ ወሰዱን። አለቃችንና ሃያ ሰው እያዩኝ ሦስት ጊዜ ሰነዘርኩ፤ ሣሩ ተነቀለ፣ ኳሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ሰፈር ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጠን ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ የምል ሰው መሆኔን ታውቃለህ። እዚህ ደግሞ የሚመታልኝ አንተ የለህም!

የጎልፍ አሠልጣኛችን፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት፣ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ኳሷን ትተህ ሰው ነው የምታየው። ቢስቁብህስ ምን ትሆናለህ?» አሉኝ። አራተኛዋ በረረችና ዛፍ ገጭታ ተመልሳ እግሬ ሥር አረፈች። ሁሉም በሳቅ ፈረሰ፤ ቀድሜ የሳቅኩት ግን እኔ ነኝ። «በል ድገመው» አሉኝ አሠልጣኟ። አምስተኛዋ ቀጥ ብላ ሄደች! አለቃችን አጨበጨቡልኝ፤ ዱላውን ሲቀበሉኝ ግን እሳቸውም ኳሷን ትተው እኛን ያዩ ነበር።

ቦታ ስላለቀብኝ በጠርዙ ልጻፍ። የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ። ለእህትህ ሰላምታ አታድርስ፤ ሁለት ዓመት በልቤ ያፈንኩትን ስመጣ ራሴ እነግራታለሁ። ይህን ከማንበብህ በፊት ቁጭ በል ማለት ነበረብኝ።